ስሙን ሳይሆን ጠባዩን ንገረኝ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አብሮኝ ይሠራ የነበረ፣ አሁን ሌላ ፋብሪካ የገባ ወጣት የኢንስትሩመንት (የመለኪያ መሣሪያ) መሐንዲስ ባለፈው ሳምንት መልእክት ላከልኝ። «እትዬ፣ ለግላይኮል መስመር ማግሜትር ልናዝ ነው፤ ይሆናል አይደል?» ይላል። ማግሜትር በቧንቧ የሚያልፍ ፈሳሽን ፍሰት በመግነጢስ የሚለካ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፈሳሽ የሚፈልግ መሣሪያ ነው፤ ግላይኮል ደግሞ ሙቀት ለማመላለስ ከውሃ ጋር የሚቀላቀል ፈሳሽ። እኔም በአንድ መስመር መለስኩለት፤ «የትኛው ግላይኮል?»

ሁለት ቀን ድምፁ ጠፋ። ፌዝ መስሎት ተቀይሞ ይሆን ብዬ ሰጋሁ፤ በአጭሩ ቆርጦ መመለስ የቆየ ክፉ ጠባዬ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ላስረዳው ተቀመጥኩ። የጻፍኩት ከመልእክት ሲያልፍ ጊዜ ደግሞ እዚህ አመጣሁት።

ነገሩ የሚጀምረው ከዳታ ሺቱ ነው። የፍሎው ሜትር ማዘዣ ቅጽ ላይ «የፈሳሹ ዓይነት» የምትል ጠባብ ሣጥን አለች። ውሃ፣ አሲድ፣ ሽሮፕ፣ ግላይኮል እየተባለ አንድ ቃል ይጻፍባታል። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው እምቢ ያሉ ማግሜትሮች አብዛኞቹ የተበላሹት ገና እዚያች ሣጥን ላይ ነው። ቧንቧ አንድ ፈሳሽ ብቻ ይዞ አያውቅም። በምርት ቀን የሚያልፈው ሌላ፣ በእጥበት ቀን ሌላ፣ ፋብሪካው ቆሞ ሲነሣ ደግሞ ሌላ ነው። ሣጥኗ ግን አንድ ስም ብቻ ትጠይቃለች።

የራሴን ኀፍረት ላስቀድም። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። ከማሞቂያዎቹ ወደ ቦይለር በሚመለሰው የኮንደንሴት (ቀዝቅዞ ውሃ የሆነ እንፋሎት) መስመር ላይ የሚገጠም ባለ 50 ሚሊሜትር ማግሜትር መረጥኩ። ሣጥኗ ላይ «ውሃ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምን ልጻፍ? ውሃ ነዋ! ተገጥሞ ሲነሣ እንከን አልነበረውም። ንባቡ የቦይለሩን መጋቢ ውሃ ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር፤ አለቃዬም ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያመሰግነኝ ከረመ። በሦስተኛው ሳምንት ከኮንትሮል ሩም ተደወለልኝ። «ሜትርሽ አብዷል» አለኝ ኦፕሬተሩ። ሄጄ ሳየው እውነትም አብዷል፤ ፓምፑ በእኩል እየገፋ ንባቡ ከዜሮ ተነሥቶ ጣሪያ ይነካና ተመልሶ ይወድቃል።

አራት ቀን ፈጀሁበት። ኧርዙን (የመሬት ሽቦውን) ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። ኬብሉን ቀየርኩ። ትራንስሚተሩን፣ ማለት ንባቡን የሚያወጣውን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ ከሌላ መስመር ካለው ጋር አለዋወጥኩ፤ እዚህ ያበደው እዚያ ሲሄድ ጨዋ ሆነ፣ ከዚያ የመጣው ጨዋ ደግሞ እዚህ ሲደርስ አበደ። በአራተኛው ቀን በዕድሜ የገፉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የቦይለር ኦፕሬተር ስቆፍር ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ይኼ ሜትር የሚረብሽሽ እኮ ውሃው ሲጠራ ነው» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። መስመሩ አዲስ ስለነበር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የብየዳና የዝገት ቆሻሻ እየታጠበ ይመጣል፤ ቦይለሩም ገና ስላልተረጋጋ ጨው ያዘለ ጠብታ ከእንፋሎቱ ጋር ይሻገራል። ሁሉም ሲጸዳና ሲረጋጋ ኮንደንሴቱ ወደ ተጣራ ውሃ ተጠጋ። በእጅ የሚያዝ የኮንዳክቲቪቲ (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም) መለኪያ ይዤ ወርጄ ስለካው 3 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር አሳየኝ። የገዛነው ሜትር ቢያንስ 5 ይፈልጋል፤ ማዕድኑ ለወጣ ውሃማ መመሪያው 20 ይላል። ያንን ገጽ አንብቤዋለሁ፤ አንብቤም «ውሃ እንደሁ ያስተላልፋል» ብዬ አልፌዋለሁ። ጋሼ ደግሞ ሌላም ነገር አስተውለው ነበር። ለዝገት መከላከያ የሚጨመረው አሚን የሚባል ኬሚካል ከፍ በተደረገ ቀን ሜትሩ ጨዋ ይሆናል። አሚኑ በኮንደንሴቱ ውስጥ ከሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተገናኝቶ አዮን (ኤሌክትሪክ የሚሸከም ቅንጣት) ስለሚፈጥር ነው። ጋሼ ስለ አዮን አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ ነገሩን ግን ከእኔ ቀድመው ደርሰውበታል። ቦታው ላይ በኋላ ኮንዳክቲቪቲ የማይጠይቅ ቮርቴክስ ሜትር ገባ፤ ማግሜትሩ መጋዘን ገብቶ ዓመት ተቀመጠ። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

ውሃ ሲጠራ ሜትሩ ለምን ይታወራል? ማግሜትር የሚያየው ፍጥነትን ነው። በቧንቧው ዙሪያ ያሉ ጥቅልሎች መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራሉ፤ ፈሳሹ መስኩን እያቋረጠ ሲያልፍ በግራና በቀኝ ፈሳሹን በሚነኩት ሁለት የብረት ጫፎች፣ ኤሌክትሮዶች በሚባሉት፣ መካከል ቮልቴጅ ይወለዳል። መጠኑም የመስኩ ጥንካሬ፣ የኤሌክትሮዶቹ ርቀትና የፍጥነቱ ብዜት ነው። በ100 ሚሊሜትር ቧንቧ፣ በ0.01 ቴስላ መስክ፣ ፈሳሹ በሰከንድ 1 ሜትር ቢሄድ የሚገኘው 1 ሚሊቮልት ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ቢልዮን ሊትር የሚቆጥሩት ግዙፍ ሜትሮችም የሚኖሩት በእነዚህ ሚሊቮልቶች ነው።

ልብ በሉ፣ ቀመሩ ውስጥ ኮንዳክቲቪቲ የለም። አዲስ ገቢዎችን የሚያሳስተውም ይኼው ነው። ቮልቴጁ መወለዱን ይወለዳል፤ ጭንቁ ትራንስሚተሩ ጋ በሰላም መድረሱ ላይ ነው። በኤሌክትሮዶቹ መካከል ያለው ፈሳሽ ራሱ ሬዚስተር፣ ማለት ኤሌክትሪክን የሚገታ ነገር፣ ነው። ኤሌክትሮዱ 10 ሚሊሜትር ስፋት ካለው፣ 500 ማይክሮሲመንስ የሚለካ ተራ የቧንቧ ውሃ 2 ኪሎኦም ገደማ ይሆናል። ውሃው 5 ማይክሮሲመንስ ሲሆን 200 ኪሎኦም ይደርሳል። የእኔው ኮንደንሴት ከ330 ኪሎኦም በላይ ነበር። ምንጩ እንዲህ ሲደክም ረጅም ኬብል ሲግናሉን ይጠጣዋል፤ ከሞተርና ከኢንቨርተር የሚመጣው ረብሻ ይጎላል፤ ፈሳሹ ኤሌክትሮዱን እያሸ ሲያልፍ የሚፈጥረው ጫጫታም ከሲግናሉ ጋር ይተካከላል። ለዚህ ነው ኮንዳክቲቪቲው ዝቅ ላለ ፈሳሽ ትራንስሚተሩ ከሴንሰሩ ራስ ላይ ይቀመጥ የሚባለው።

ከገደቡ በላይ ግን ሌላ ዓለም ነው። የባሕር ውሃ 50,000 ማይክሮሲመንስ ገደማ ነው፤ ከተራው የቧንቧ ውሃ መቶ እጥፍ ያስተላልፋል ማለት ነው። ሜትሩ ግን ሁለቱን በእኩል ያነባቸዋል። «የበለጠ ጨዋማ ከሆነ የበለጠ በትክክል ይለካል?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነበር። አይለካም። ደጃፉን ካለፍክ በኋላ ማንም ቁመትህን አይጠይቅህም።

ደጃፉን ፈጽሞ የማያልፉት የታወቁ ናቸው። ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ የሞተር ዘይት፣ የምግብ ዘይት፣ ቶሉዊንና ዘመዶቹ አይሞከሩም። ንጹሕ አልኮልም እንደዚያው። እነዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው እምብዛም አላየሁም። የሚያሳስቱት በስማቸው የሚያስተላልፉ የሚመስሉት ናቸው። አንድ የፕሮሰስ መሐንዲስ «አሲድ ነው፤ አሲድ ደግሞ ያስተላልፋል» ብሎ አሴቲክ አሲድ ለሚራገፍበት መስመር ማግሜትር አዘዘ። በ10 በመቶ የተበረዘ አሴቲክ አሲድ 1,500 ማይክሮሲመንስ ገደማ አለው፤ ማግሜትር ደስ እያለው ያነበዋል። ውሃ ያልገባበት፣ ከ99 በመቶ በላይ የሆነው ግን 0.04 ገደማ ነው። ከፍጹም ንጹሕ ውሃ ጋር የሚተካከል፣ ሜትሩ ጭራሹን የማያየው አሲድ! መንስኤው ግልጽ ነው፤ አሲዱ ወደ አዮን የሚከፈለው ውሃ ሲያገኝ ነው። በአንጻሩ ሰልፈሪክ አሲድ ሲጠነክር ኮንዳክቲቪቲው ከ30 በመቶ አካባቢ በኋላ እየወረደ ቢሄድም በማንኛውም ጥንካሬ ለማግሜትር ከበቂ በላይ ነው። ሁለቱም «አሲድ» ይባላሉ።

ሽሮፕም ስሙ ያታልላል። ስኳር በውሃ ሲሟሟ አዮን አይሆንም። ሽሮፑ የሚያስተላልፈው ውሃው ይዞት በመጣው ማዕድን ነው። ማዕድኑ የወጣለትን ውሃ ተጠቅመው የሚያዘጋጁ ፋብሪካዎች ውስጥ ደግሞ ያ ማዕድን የለም፤ ሽሮፑ በወፈረ ቁጥርም የቀሩት አዮኖች መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል።

«እሺ፣ ታዲያ ላብራቶሪ እናስለካ» ይባላል። ይለካ፤ ግን እዚህም ወጥመድ አለ። ላብራቶሪው የሚጽፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ወደ 25 ዲግሪ የተመለሰ ነው። ኮንዳክቲቪቲ በአንድ ዲግሪ 2 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ቧንቧው 70 ዲግሪ ከሆነ እውነተኛው ቁጥር ከወረቀቱ በእጅጉ ይበልጣል፤ መስመሩ ከቀዘቀዘ ደግሞ ያንሳል። በጣም ንጹሕ ውሃ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ፍጹም ንጹሕ ውሃ በ25 ዲግሪ 0.055 ማይክሮሲመንስ ነው፤ ናሙናውን በክፍት ብርጭቆ ይዘህ ኮሪደሩን ስትሻገር ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠጥቶ ወደ 1 ይጠጋል። ላብራቶሪው የለካው የቧንቧውን ውሃ ሳይሆን የኮሪደሩን ውሃ ነው። ከተቻለ የመለኪያውን ሴል መስመሩ ላይ አስገብታችሁ እየፈሰሰ ለኩት።

ከ5 በታች የሚሠሩ ማግሜትሮች እንዳሉ አውቃለሁ። ኤሌክትሮዱን ከላይነሩ፣ ማለት ከሜትሩ የውስጥ ልባስ፣ ጀርባ ደብቀው በካፓሲተርነት የሚያነቡት እስከ 0.05 ማይክሮሲመንስ እንወርዳለን ይላሉ። በሌላ ጫፍ ደግሞ ለጨዋታ ያህል፣ በፈጣን ኒውትሮን ሪአክተሮች ውስጥ የሚዞረውን ፈሳሽ ሶዲየም የሚለኩ ማግሜትሮች አሉ። ሶዲየሙ ብረታ ብረት (ሜታል) ስለሆነ እጅግ ያስተላልፋል፤ ላይነር አያስፈልግም፣ ኤሌክትሮዶቹ ከብረት ቧንቧው ውጪ ይበየዳሉ፣ መስኩም ከቋሚ ማግኔት ይመጣል። ባየው ደስ ይለኝ ነበር። የእኔ ዕጣ ግን ኮንደንሴትና የኖራ ወተት ሆነ።

ኮንዳክቲቪቲው ከበቃ ፈሳሹ ተመረጠ ማለት አይደለም። አሁን ጥያቄው ፈሳሹ ሜትሩን ምን ያደርገዋል የሚለው ነው። ፈሳሹን የሚነኩት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ላይነሩና ኤሌክትሮዱ። ለተራ ውሃ ጠንካራ ጎማና የማይዝግ ብረት ይበቃል። ለባሕር ውሃ ታይታኒየም ጥሩ ነው፤ ያንኑ ታይታኒየም ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ብትከተው ግን ይበላል። እዚያ ታንታለም የሚባል ሜታል ይገባል። ታንታለም ደግሞ ከሃይድሮፍሎሪክ አሲድና ከትኩስ ኮስቲክ (ኮስቲክ ሶዳ) ጋር አይስማማም። አሲድ ከተመረተ በኋላ መስመሩ በትኩስ ኮስቲክ የሚታጠብ ከሆነ ምን ይደረግ? ይኼውላችሁ፣ ሣጥኗ ላይ «ሃይድሮክሎሪክ አሲድ» ብቻ ተጽፎ ከነበረ ታንታለሙን የሚገድለው ያልተጻፈው ኮስቲክ ነው።

የላይነር ነገር ሲነሣ አንድ ቀን የፈታሁት ሜትር ትዝ ይለኛል። ላይነሩ ቴፍሎን ነበር። ከፍላንጁ ስናላቅቀው ነጩ ላይነር ከግድግዳው ተላቆ፣ ወደ መሐል ተጨማድዶ፣ ቧንቧውን ግማሽ ዘግቶታል። ዳታ ሺቱ ላይ ያለው ፈሳሽ 30 ዲግሪ የሆነ የጨው ሙሙት ነው፤ ቴፍሎን እንዲህ ባለው ላይ ዕድሜ ልኩን ይኖራል። ለካ በሳምንት አንድ ቀን መስመሩ በእንፋሎት ይታጠባል። ኦፕሬተሩ እንፋሎቱን ዘግቶ ቫልቮቹን ከሁለቱም ወገን ይቆልፋል፤ የታሰረው እንፋሎት ሲቀዘቅዝ ወደ ውሃ ይለወጥና ቫኪዩም ይፈጥራል፤ በሙቀት የላላው ቴፍሎን ወደ ውስጥ ይሳባል። ማንም አላጠፋም። ኦፕሬተሩ ሥራውን ሠራ፣ መራጩ የተሰጠውን ስም ተከተለ። በቦታው ውስጡ የብረት መረብ ያለው ፒኤፍኤ የተባለ የቴፍሎን ዘመድ አስገባን፤ እጥበቱ ሲያልቅ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቫልቭም ተጨመረ።

ጠጣር ያዘለ ፈሳሽ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። አሸዋ ያዘለ ጭቃ ኤሌክትሮዱን በመታ ቁጥር ጫጫታ ይፈጥራል፤ ያ ጫጫታ በዝቅተኛ ድግግሞሽ ላይ ስለሚበዛ የጥቅልሉን ድግግሞሽ ከፍ ማድረግ ይረዳል። ላይነሩ ፖሊዩሬቴን ወይም ለስላሳ ጎማ ይሁን፣ ፍጥነቱም በሰከንድ ከ2 ሜትር አካባቢ አይለፍ፤ አለበለዚያ ላይነሩን እንደ ሞረድ ይፈገፍገዋል። ማግኔታይት ያለበት የማዕድን ጭቃ ከሁሉም ይከፋል፤ ቅንጣቱ ራሱ መስኩን ስለሚቀይር ንባቡን ያዛባል። የኖራ ወተት ኤሌክትሮዱን ይለብጠዋል። ቅባት ያለበት ፍሳሽም ይለብጣል፤ እሱ ደግሞ ሲግናሉን ያፍናል። አየር የገባበት ፈሳሽ ሲሆን ሜትሩ የአየሩንም መጠን እንደ ፈሳሽ ይቆጥርላችኋል፤ ሂሳብ ክፍሉ ይደሰታል።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው ግን ኬሚካል የሚጨመርባቸውን መስመሮች ነው። እዚህ ፈሳሹ በስምም በቁጥርም ትክክል ሆኖ ሜትሩ እምቢ ይላል። ክሎሪን ወይም አሲድ ከሜትሩ ጥቂት ሜትር ቀደም ብሎ እየመጠነ በሚጨምር ዶዚንግ ፓምፕ ይገባል። ፓምፑ ምት በመታ ቁጥር ኮንዳክቲቪቲውና ኬሚስትሪው የተለየ የፈሳሽ ጉብታ ይለቃል፤ ጉብታው አንዱን ኤሌክትሮድ ቀድሞ ይነካና ሌላውን በኋላ ይነካል። የኤሌክትሮዶቹ የራሳቸው ኬሚካላዊ ቮልቴጅ ይዘበራረቃል፣ ንባቡም ከፓምፑ ምት ጋር ይዘላል። አንድ ጊዜ ኧርዝ እየቀየሩ ሳምንት የፈጁ ቴክኒሻኖች ጠርተውኝ ሄድኩ፤ ቆሜ ትንሽ ሳዳምጥ የዝላዩና የፓምፑ ድምፅ እኩል ናቸው። ኬሚካሉ የሚገባበትን መርፌ ከሜትሩ በኋላ ወዳለው ቦታ አዛወርነውና አለቀ። ቦታ ከሌለ ከሜትሩ በፊት በደንብ የሚቀላቅል ርቀት ወይም ሚክሰር ያስፈልጋል።

ይህ ጣጣ አዲስ አይደለም። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በጥር 1832 ለንደን ውስጥ በዋተርሉ ድልድይ ላይ ቆሞ የቴምዝ ወንዝ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ እያቋረጠ ሲፈስ የሚወለደውን ቮልቴጅ ሊለካ ሞክሮ ነበር። 960 ጫማ የመዳብ ሽቦ በድልድዩ ጠርዝ ዘርግቶ፣ ከጫፎቹ ሰፋፊ የብረት ዝርግ ወደ ውሃው አወረደ። የመለኪያው መርፌ ይንቀሳቀሳል፤ ግን በሥርዓት አይደለም። የዘገበውን ስታነቡ የእኛ የጥገና መዝገብ ይመስላል፦ በወንዙ ሁለት ዳር ያለው ውሃ ንጽሕናው ይለያያል፣ ሙቀቱ ይለያያል፣ ዝርጎቹ አይመሳሰሉም፣ ብየዳው አይመሳሰልም። ሐሳቡ ልክ ነበር፤ ፈሳሹ አልታዘዝ አለው። ለፋራዴይ ካልታዘዘ ለእኔ ለምን ይታዘዛል እያልኩ እጽናናለሁ።

እና አሁን ሣጥኗን ምን እያደረግሁ ነው? ቅጹን መቀየር አልችልም፤ ስለዚህ ከጀርባው እጽፋለሁ። ከመምረጤ በፊት የምጠይቀው መሐንዲሱን ብቻ ሳይሆን የሌሊት ፈረቃውን ኦፕሬተር ነው። በምን ታጥባላችሁ? ካጠባችሁ በኋላ በምን ታለቀልቃላችሁ፣ በተራ ውሃ ወይስ ማዕድኑ በወጣለት? ሲቆም ባዶ ይቀራል ወይስ እንደሞላ? ሲነሣ የመጀመሪያዋን ሰዓት ምን ያልፋል? በእንፋሎት ይነፋል? ከሁሉም ደግሞ፣ በዚህ ቧንቧ ሌላ ነገር አልፎ ያውቃል? ለመጨረሻው ጥያቄ ኦፕሬተሮች መጀመሪያ «አያልፍም» ይላሉ። ትንሽ ዝም ብላችሁ ጠብቋቸው። «አንድ ጊዜ ብቻ…» ብለው ይጀምራሉ።

በሦስተኛው ቀን ልጁ ደወለ። አልተቀየመም፤ መስመሩን በእግሩ ሲከተል ነበር የጠፋው። የሚዞረው ግላይኮል ከውሃ ጋር እኩል የተቀላቀለ፣ የዝገት መከላከያ ያለበት ነው፤ ራሱ ለክቶት ከ2,000 ማይክሮሲመንስ በላይ አግኝቷል። «ስለዚህ ይሆናል» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን እትዬ፣ ሥዕሉ ላይ የሌለ አንድ ቲ አገኘሁ» አለ። ከቦቴ የሚራገፈው ንጹሕ ግላይኮል የሚገባው በዚያች ቲ፣ በዚያች የቧንቧ መገንጠያ፣ ነው፤ ሜትሩ ሊተከል ከታሰበበት ቦታ አራት ሜትር ቀደም ብሎ። ንጹሑ ግላይኮል 1 ማይክሮሲመንስ ቢሆን ነው። በወር ሁለት ጊዜ ይራገፋል፤ በዚያ ሰዓት መጠኑን የሚፈልገው ደግሞ ግዢ ክፍል ነው።

ማግሜትሩን ከመቀላቀያ ታንኩ በኋላ ሊያደርገው ነው፤ ለማራገፊያው ኮንዳክቲቪቲ የማይጠይቅ ኮሪዮሊስ ሜትር ጠይቋል። አለቃው ዋጋውን አይቶ ጮኋል። «ምን ብዬ ላስረዳው?» ሲለኝ ቲዋን ፎቶ አንስቶ እንዲያሳየው ነገርኩት።